በጌም አውሮፕላን ሀገር አትጠበቅም!

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስክሮል ማድረጉን ለአምስት ደቂቃ አቁሙና ይህችን አንብቡ። ረዘም ትላለች። ግን እናንተንም ትመለከታለች፣ እኛንም ትመለከታለች።

ሰሞኑን በየግሩፑ የዞረውን ቪዲዮ አይተኸዋል። ጨለማ ነው። አንድ ግራጫ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ይመጣና ከአፍንጫው እሳት ይተፋል፤ ተራራ ሥር የተደረደሩ መኪኖች አንድ በአንድ ይጋያሉ። ከላይ በትልቁ «ሰበር! አዲሱ አውሮፕላናችን ጠላትን ሲያርበደብደው» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀይ ክብ አለ፣ ቀስት አለ፣ ከሥሩ ሽለላ አለ።

እኛም ለጠፍነው። አዎ፣ ይሄው አንተ የምትከተለው ገጽ ለጠፈው። ሦስት ሰዓት ቆይቶ አወረድነው። ሰበብ አንደረድርም። አላጣራንም፣ ቸኮልን፣ በቃ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነብን።

አሁን እውነቱን ስማ። አውሮፕላኑ የኛ አይደለም። የጠላትም አይደለም። የማንም አይደለም፤ ምክንያቱም የለም! «አርማ 3» ከሚባል የኮምፒውተር ጌም የተቀዳ ነው። ጌሙን የሠራው ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ የሚባል የቼክ ኩባንያ ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ታሪኩ ደግሞ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ2035 ነው። አውሮፕላኑ በጌሙ ውስጥ «ዋይፕአውት» ይባላል፤ የአሜሪካኑን ኤ-10 መሠረት አድርገው በምናብ የፈጠሩት ነው። እንግዲህ ገና ባልደረሰ ዘመን፣ ማንም ያልሠራው አውሮፕላን፣ ያልተወለደ ጠላት ሲመታ አይተን ነው «እልል» ያልነው።

በዚህ የተሸወድነው እኛ ብቻ አይደለንም፣ ይሄ ግን አያጽናናም። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መግለጫ አውጥቶ ነበር። ከጌማችን የተቀዱ ቪዲዮዎች የዩክሬን ጦርነት ነው እየተባሉ እየተሠራጩ ነው፤ ከዚያ በፊትም የአፍጋኒስታን፣ የሶርያ፣ የፍልስጤም፣ የህንድና የፓኪስታን ውጊያ ተብለው ቀርበዋል አለ። አንዱን ስናስወርድ በየቀኑ አሥር ሌላ ይጫናል ብሎ አማረረ። የጌሙ ባለቤት «የኔ ነው፣ ውሸት ነው» እያለ እየጮኸ የኛ ሰው ደግሞ «አይ፣ እውነት ነው፣ አንተ ምን ታውቃለህ» ይለዋል!

አሁን አንዳንዱ ኮሜንት ላይ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እና ምን አለበት? ሞራል ይገነባል። ጠላትም ይደነግጣል። አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምታካብደው?»

እሺ። እንነጋገር።

ቪዲዮውን በለጠፍን በሁለተኛው ሰዓት አንዲት እህት ኢንቦክስ ጻፈችልን። ወንድሟ ወታደር ነው። ያለበትን አካባቢ ስም ቪዲዮው ላይ ጽፈነዋል። ስልኩ አይሠራም። «የሚቃጠሉት መኪኖች የማን ናቸው? እማዬ ካየችው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እባካችሁ ንገሩኝ» አለችን። ምን ብለን እንመልስላት? «እቴ፣ ጌም ነው፣ ይቅርታ» አልናት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችልንም። ሞራል ገንብተን ነው? የማንን ሞራል? ልጇን ለሀገር የሰጠችን እናት ከምግብ አስተጓጉለን ስናበቃ ራሳችንን አርበኛ ብለን ልንጠራ ነው?

ጠላት ይደነግጣል ላልከውም ልመልስልህ። ጠላት ሞኝ አይደለም። ጠላት ያንን ቪዲዮ ሲያይ ይስቃል። ከዚያም ያስቀምጠዋል። ነገ እውነተኛ በደል ደርሶብህ እውነተኛ ፎቶ ስታወጣ፣ የዛሬውን አውጥቶ «እነዚህ እኮ ጌም የሚለጥፉ ናቸው» ይልሃል። ዓለምም ያምነዋል። ልብ በል፦ እያንዳንዱ የውሸት ምስል የሚገድለው የራስህን እውነተኛ ምስል ነው። የዛሬው ጽሑፍ ዋና መልእክት ይሄው ነው፤ ሌላውን ብትረሳ ይህችን ያዝ።

መጀመሪያ ግን ስለምናጨበጭብለት ነገር እንወቅ። የምድር አጥቂ አውሮፕላን ማለት ምንድነው? ሌላው ተዋጊ ጄት ከሰማይ ለሰማይ ይዋጋል፣ በፍጥነቱና በከፍታው ይኮራል። ይሄኛው ግን ሥራው ከእግረኛው ጋር ነው። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወገንና ጠላት በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ብቻ ተራርቀው በሚታኮሱበት ቦታ ላይ ገብቶ ታንክ፣ መድፍ፣ ምሽግ ይመታል። ስለዚህ ከመሬት የሚተኮስ ሁሉ ያገኘዋል። ለዚህም ነው ብረት ለብሶ የሚሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየቶች «ኢል-2» የሚባለውን እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ከ36 ሺህ በላይ ያመረቱት፣ ብዙ ስለሚሠራና ብዙም ስለሚወድቅ ነው።

የጌሙ አውሮፕላን የተቀዳበትን ኤ-10 ውሰድ። አብራሪው የሚቀመጠው ከግማሽ ቶን በላይ በሚመዝን የታይታኒየም ገንዳ ውስጥ ነው። አፍንጫው ላይ ሰባት አፈሙዝ ያለው 30 ሚሊ ሜትር መድፍ አለ፤ በደቂቃ እስከ 3,900 ጥይት ይተኩሳል። የሚይዘው ግን 1,174 ጥይት ነው። አሁን አስላው። በሰከንድ 65 ጥይት ማለት ነው፤ ሳያቋርጥ ቢተኩስ 18 ሰከንድ ላይ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛ አብራሪ አንድ ሁለት ሰከንድ ተኩሶ ያቆማል። እኛ በለጠፍነው ቪዲዮ ላይ ግን አውሮፕላኑ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ያለማቋረጥ ይተኩሳል። አንድም ሰው «ጥይቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። የስድስተኛ ክፍል ማካፈል እኮ ይበቃ ነበር!

ሌላም አለ። የዚህ አውሮፕላን ትልቁ ፈተና መተኮስ አይደለም፤ ማንን እንደሚተኩስ ማወቅ ነው። ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ «ወገን እዚህ ነው፣ ጠላት እዚያ ነው» የሚል የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ካርታው፣ ሬዲዮው፣ ምልክቱ ሁሉ መስማማት አለበት። መጋቢት 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ሁለት የአሜሪካ ኤ-10 አውሮፕላኖች የእንግሊዝን የወገን ጦር መኪኖች መቱ። መኪኖቹ ላይ የወገን መሆናቸውን የሚያሳይ ብርቱካናማ ምልክት ተደርጎ ነበር፤ አብራሪዎቹ ግን ብርቱካናማ ሮኬት መሰላቸው። አንድ ወታደር ሞተ፣ ሌሎች ቆሰሉ። በዓለም አንደኛ የተባለው አየር ኃይል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ አጋሩን ገደለ። አንተ ግን በጨለማ በተቀረጸ፣ በደበዘዘ የስልክ ቪዲዮ ላይ «ይሄ ጠላት ነው» ብለህ ለመፍረድ ሁለት ሰከንድ አልፈጀብህም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ምክንያቱም ይህንን አውሮፕላን እኛም በደንብ እናውቀዋለን። የምናውቀው ግን ከላይ ሆነን አይደለም፤ ከሥር ሆነን ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች አሰልፎ ነው። እኛ የነበሩን በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ እንኳ ያልታጠቁ ነበሩ። ኅዳር 26 ደሴ ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጸረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶ የዚያ ዘመን ነው። የካቲት ላይ ጦራችን ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍግ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ተከተሉት፤ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታም በዚያ የማፈግፈግ ጉዞ ላይ ወደቁ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተዋጋን። ከማይጨው በኋላ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ላይ የተበተነውን ጦር እንደገና ከአየር ቦምብና መርዝ አወረዱበት። ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ ሊደርስበት በማይችለው ነገር ተቃጠለ። የምድር አጥቂ ማለት ለቅድመ አያትህ ይሄ ነበር። ሽለላ አልተለጠፈበትም።

እና ምን አደረጉ? ዋሹ? «እኛም መቶ ቦምብ ጣይ አለን» ብለው ሥዕል አሠሩ? አላደረጉም። እውነቱን መዘገቡ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ አውሮፕላኖቹ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው መርዙን እንደ ጉም እንዴት እንዳርከፈከፉት በዝርዝር ተናገሩ። መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል፣ ኮረም አካባቢ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ከአየር ተደብድበው ስለነበር የውጭ ሐኪሞችም ያዩትን መሰከሩ። ኢጣሊያ ካደች። ለ60 ዓመት ካደች። በመጨረሻ ግን በ1988 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስቴሯ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን አመነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ራስህን ጠይቅ። ያኔ ከኛ ወገን አንድ ሰው የፊልም ፎቶ ቆርጦ «የኢጣሊያ ግፍ» ብሎ ጄኔቭ ልኮ ቢሆን ኖሮስ? ፋሽስቱ ያችን አንዷን ይዞ «ሁሉም እንዲህ ነው፣ ሁሉም ውሸት ነው» ባለ ነበር። የአሸንጌ ሙታን ሁለት ጊዜ በሞቱ ነበር። እነሱ ያላደረጉትን ነው እኛ ዛሬ ለላይክ ብለን የምናደርገው።

አውሮፕላን እንደ ሰው ይሠራል ካልክም እውነተኛ ታሪክ አለህ፤ ጌም አያስፈልግህም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርረን፣ በቁጥር ከኛ የበለጡ ሚጎችን የገጠሙት የኛ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ነበሩ። ሰማዩን ከያዙ በኋላ ወደ ምድር ዞረው የጠላትን የስንቅና የጥይት መስመር ቆረጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲመጣ እግረኛው፣ ታንከኛውና አብራሪው በአንድነት ያመጡት ነው። ግን ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ ለገሰ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሲወድቅ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ታስሯል። አሥራ አንድ ዓመት! በጌም ግን ብትመታ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ትነሣለህ። እውነተኛውን ጀግና ከቁልፍ ጋር አንድ ላይ ስትለጥፈው ምን እያልከው እንደሆነ አስበው።

ከእያንዳንዱ አብራሪ ጀርባ ደግሞ ስሙን የማታውቀው ሰው አለ። ሌሊት በባትሪ መብራት ሞተር የሚፈታ ቴክኒሻን አለ። ነዳጅ የሚያጣራ፣ መንደርደሪያውን የሚጠርግ፣ ጥይት የሚጭን አለ። እነሱን ማንም አይለጥፋቸውም፤ ምክንያቱም እሳት አይተፉም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ የማይወደውን አንድ ነገር ልበል። ብትፈልግ አንፎሎው አድርገኝ። ይህ አውሮፕላን ወገንና ጠላት አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚያዘው ሰው ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛው ላይ ቦምብ ያወረዱት የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ነበሩ። የሞተው ሕዝብ እስከ 2,500 ይደርሳል ይባላል። ገበሬ፣ እናት፣ ሕፃን። ሀገሬን እወዳለሁ ስትል ይሄንንም ይዘህ ነው። ማይጨው ላይ የወረደውን ቦምብ እያለቀስን፣ ሐውዜን ላይ የወረደውን ግን ዝም ካልን፣ የምንወደው ሀገርን ሳይሆን ቡድናችንን ነው። ከአየር የሚወርድ እሳት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከሥር ማን ነበር?» የሚለው ነው። የጌም ቪዲዮ ይሄን ጥያቄ ከአፍህ ይነጥቅሃል። ከሥር ማንም የለማ! ለዚህ ነው የሚጣፍጠው፣ ለዚህም ነው የሚያደነዝዘው።

እና «ሰበር» እያላችሁ በደም ዩቲዩብ የምታጦዙ ሰዎች፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ታውቁታላችሁ። እናንተ የምትሸጡት ጀግንነት አይደለም፤ ጫጫታ ነው። ወጣቱ በቪዲዮ ድል እየጠገበ እንዲተኛ ታደርጉታላችሁ። በስልኩ ላይ ያሸነፈ ሰው ለምን ይማራል? ለምን ይሠራል? ለምን ይጠይቃል? እናንተ ብር ትቆጥራላችሁ፣ እናት ልጇን ትጠብቃለች።

ወገኔ፣ ነቀፋ ብቻ አይሁንብህ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገጽ የምንሠራባቸውን ሕጎች ልንገርህ። አንተም ያዛቸው።

አንደኛ፣ የጦርነት ቪዲዮ ሲደርስህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የት? መቼ? ማን ቀረጸው? መልስ ከሌለው አትለጥፈው።

ሁለተኛ፣ ጨለማ ከሆነ፣ ከደበዘዘና ካሜራው ሆን ተብሎ ከተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ጠፍቶ ሙዚቃ ብቻ ከተደረገበት፣ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ሰው ከሌለበት፣ ጠርጥር። የጌሙ ባለቤቶች ራሳቸው የሰጡት ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ ከቪዲዮው ላይ ፎቶ አንሣና በጎግል ምስል ፈልግ። አንድ ደቂቃ ነው። ዳታ ከሌለህ ደግሞ ዝም በል፤ ዝምታ ካርድ አይጨርስም።

አራተኛ፣ የወገን ጦር ያለበትን ቦታ የሚናገር ነገር እውነት ቢሆንም አትለጥፍ። እውነት ከሆነ ለጠላት መረጃ ነው፣ ውሸት ከሆነ ለእናት መርዶ ነው።

አምስተኛ፣ ከተሳሳትክ አውርደህ ዝም አትበል። «ተሳስቼ ነበር» ብለህ ጻፍ። እኛ ዛሬ የጻፍነው ለዚህ ነው።

ለመጨረሻ ስለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ልንገርህ። ፀሐይ ትባላለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ሠራት፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች፤ በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ሰሜኑን እየደበደበ ሳለ በረረች። መድፍ የላትም። ታንክ አትመታም። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ፋሽስቱ ግን ማርኮ ወሰዳት፣ ሙዚየም ውስጥ አቆማት። ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመለሰች።

ለምን ማረካት? እውነተኛ ስለነበረች ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ድህነት፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ብረትና እንጨት ገጣጥመን ማብረር እንደምንችል ምስክር ስለነበረች ነው። የጌም አውሮፕላን ማንም አይማርክብህም፣ ማንም አይመልስልህም፣ ማንንም አያድንልህም።

ስለዚህ አውሮፕላን ከወደድክ ፊዚክስ አጥና። ሒሳብ አጥና። ጋራዥ ግባ፣ ሞተር ፍታ፣ ብየዳ ልመድ። አብራሪ ሁን፣ ቴክኒሻን ሁን። ይህ ካልሆነልህ ደግሞ ቢያንስ እውነት ተናገር፤ እውነት መናገር መንደርደሪያ አይፈልግም።

ያቺ እህታችን ይህን ካነበብሽ፣ በዚህ ገጽ ስም ይቅርታ እንጠይቅሻለን። ወንድምሽን በሰላም ያገናኝሽ። እማዬንም አይዞሽ በይልን።

ሌሎቻችሁ ያንን ቪዲዮ ለጥፋችሁ ከሆነ አሁኑኑ አውርዱትና ይህንን በቦታው አድርጉት።

ኢትዮጵያ በእውነት ለዘለዓለም ትኑር!